የወይዘሮ አይዴላ የቱና ቀለበት

አርሊስ ትቬት ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ የካልደር ሌክ ከተማ ሰው ሁሉ አሁን ምን ልትሠራ ነው እያለ አዘነላት። እሷ ግን ምን እንደምትሠራ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ምድር ቤቷ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ ላይ፣ አንድ መቶ ስልሳ ሦስት የምግብ አሰራር መጻሕፍት ነበሯት። ሁሉም አሮጌ ናቸው። እሷ ከመወለዷ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ጀምሮ የወተት ጥርሷን ነቅላ እስከጨረሰችበት ጊዜ ድረስ የታተሙትን እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውን በእጇም አትነካ።

ይህን ሲሰማ አርሊስ ታላቅ ባለሙያ ናት ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። አይደለችም። ሰኞ የተፈጨ ሥጋ ትጋግራለች፤ ማክሰኞ ከሰኞ የተረፈውን ታሞቃለች። መጻሕፍቱን የምታነባቸው ሌላው ሰው የፍቅር ልብ ወለድ እንደሚያነብ ነው። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ እግሯን ባሏ ዱዌን ጭን ላይ ጥላ፣ ከመቅድሙ እስከ ማውጫው አንድ መሥመር ሳትዘል ትጨርሳቸዋለች።

የምትወደው እርግጠኝነታቸውን ነበር። በዚህ ዘመን ሐኪሙም፣ ባንኩም፣ ስልኩም የሚመችሽን ምረጪ እያሉ ያደክሟታል። እነዚያ መጻሕፍት ምረጪ አይሏትም። እንቁላሉን ምቺ ካሉ ምቺ ነው። እንግዶችሽ ይደነቃሉ ካሉ፣ እንግዶቹ ወደዱም ጠሉ ይደነቃሉ። ሥዕሎቹም ሌላ ነገር ናቸው። አተሩ በምድር ላይ ከበቀለ አተር ሁሉ የበለጠ አረንጓዴ ነው፤ የአሳማው ታፋ እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀልቷል፤ ሩዙም፣ ሥጋውም፣ ዓሣውም መሃሉ ተበስቶ እንደ ቀለበት ይቀርባል። ምግብ ሳይበሱ ለእንግዳ ማቅረብ በዚያ ዘመን ነውር ነበር ብላ እስክትጠረጥር ድረስ ቀለበት በቀለበት ነው።

አንዱ መጽሐፍ ውስጥ ሚስት ባሏ ከሥራ ከመመለሱ በፊት ሩብ ሰዓት አርፋ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ሪባን እንድታስር የሚመክር ምዕራፍ አለ። አርሊስ ይህን ጮክ ብላ ስታነብለት፣ ዱዌን አርባ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሪባን አላየሁም አላት። እሷም እኔም ባርኔጣውን በር ላይ አውልቆ ጉንጬን የሚስም ባል አላየሁም ብላ ገጹን ገለጠች።

ከሁሉ በላይ ግን የምትወደው እድፉን ነበር። ያረጀ የምግብ መጽሐፍ ስትገዛ መጀመሪያ የምትፈልገው ቅቤ የጠጣውን ገጽ ነው። ንጹሕ ገጽ ማንም ያልሠራው ምግብ ነው፤ እርስ በርሱ የተጣበቀ ገጽ ደግሞ ሰው የኖረበት ነው።

በዚያ ዓመት በየካቲት ወይዘሮ አይዴላ ብራንድቮልድ ወደ አረጋውያን ቤት ገቡ። ዘጠና አምስት ዓመታቸው ነበር። አርሊስ ልጅ ሳለች ከእነ አርሊስ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ይኖሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ኮሪን የእናቷን ቤት ዕቃ አውጥታ ስትሸጥ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሳህኑና ወደ መብራቱ ሲሻማ፣ ለአርሊስ አንድ ቢጫ ወፍራም መጽሐፍ በወረቀት ከረጢት አድርጋ ለይታ አቆየችላት። ይህ ያለአንቺ ለማን ይሆናል ብላ በነጻ ሰጠቻት። ውስጡን ገልጣ አላየችውም ነበር።

አርሊስ ቤቷ ገብታ መጽሐፉን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። በቀለበት ሽቦ የታሰረ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት የታተመ፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ነው። ገና አሥረኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እግዚአብሔር እንደሚወዳት ገባት። በየገጹ ህዳግ ላይ፣ በደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ፣ ወይዘሮ አይዴላ ምግቡን መቼ እንደሠሩት፣ ለማን እንዳቀረቡትና ምን እንደሆነ መዝግበዋል።

የጉበት ጥቅሉ ገጽ ላይ፣ የፓስተሩ ሚስት ድርሻዋን በናፕኪን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ናፕኪኑን እስካሁን አልመለሰችም ይላል። የበቆሎው ፑዲንግ ላይ ደግሞ፣ ዶክተሩ ሳይቀምስ አመሰገነ፤ ከቀመሰ በኋላ ዝም አለ። አንድ የቸኮሌት ኬክ አጠገብ ሌላ ምንም ሳይጨመር፣ ኤልመር አለቀሰ፣ ተብሎ ተጽፏል። ኤልመር ባላቸው ነበሩ። በደስታ ይሁን በሌላ አይታወቅም።

አርሊስ ለራሷ እየሳቀች፣ አንዳንዱን ለዱዌን እየጮኸች፣ ከሰዓቱን ሙሉ አነበበች። እንደዚያ እያለች ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ ደረሰች።

ገጹን ገና ከሥዕሉ አወቀችው። የቱናው ቀለበት ነበር። የሎሚ ጣዕም ያለው አረንጓዴ ጄላቲን፣ ሁለት ጣሳ ቱና፣ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ የወይራ ፍሬና ሰናፍጭ ተደባልቆ፣ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ሲረጋ ሳህን ላይ ተገልብጦ የሚቀርብ፣ መሃሉ ያለው ቀዳዳ በማዮኔዝ የሚሞላ ነው። በእነ አርሊስ ቤት የአይዴላ ቀለበት ይባላል። እናቷ ቦርጊልድ ለገና ትሠራው ነበር፤ ለፋሲካ ትሠራው ነበር፤ ሰው ሲወለድም ሲሞትም ትሠራው ነበር። ቦርጊልድ ራሷ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስትሞት፣ ከቀብር መልስ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሦስት የቱና ቀለበት ተንቀጥቅጧል። ከዚያ ወዲህ የምትሠራው አርሊስ ናት።

አሁን እንግዲህ ደስ ብሏት መነጽሯን አስተካክላ ህዳጉን ማንበብ ጀመረች።

«ማርች 9፣ 1957። ሩዶች ለሦስተኛ ቅዳሜ ካርታ ሊጫወቱ መጡ። እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ተቀመጡ። ኤልመር ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ክሊፎርድ ግን ወሬውን አላቋረጠም። ለሚቀጥለው ሳምንት ይህን እሠራለሁ። ሥዕሉ ራሱ ሰው ያባርራል።»

ሩድ አርሊስ ከማግባቷ በፊት የነበራት የቤተሰብ ስም ነው። ክሊፎርድ አባቷ ነው።

«ማርች 16። ሠራሁት። ክሊፎርድ ሳህኑን በዳቦ ጠረገ። ቦርጊልድ ደገመች። ትንሿ ልጅ ማንኪያውን ላሰች። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዱ።

«ማርች 23። ሰናፍጩን እጥፍ አደረግሁት። ክሊፎርድ የዛሬው ይበልጣል አለ።

«ኤፕሪል 6። ጎመን ጨመርኩበት፣ ጨው ከለከልኩት። አንድም ፍርፋሪ አልተረፈም። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ምን ይበሉ ይሆን?

«ኤፕሪል 13። ቦርጊልድ አሰራሩን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ምን ላድርግ፣ ጻፍኩላት።

«ዲሴምበር 25። ሩዶች ለገና ጠሩን። ለእኛ ክብር ብላ የቱና ቀለበት ሠርታ ጠበቀችን። ኤልመር ጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። በላን።»

ህዳጉ እዚያ ላይ አለቀ። አርሊስ መጽሐፉን ዘጋችው።

ትንሿ ልጅ እሷ ናት። ያን ማንኪያ ታስታውሰዋለች። ወይዘሮ አይዴላ በፍቅር ዓይን እያዩ የሰጧት ይመስላት ነበር። ስልሳ ዓመት ሙሉ ያ ሳሎን በልቧ ውስጥ የቀረው የወዳጅነት ቦታ ሆኖ ነው፤ ለካ ቤተሰቧ እዚያ ቤት እንደ አይጥ መርዝ ሲዘጋጅለት፣ መርዙን ጣፍጦት ድገሙን ሲል ኖሯል። ፊቷ ጋለ። አባቷ ነፍሱን ይማረውና ከተቀመጠበት መነሳት የማይወድ ሰው እንደነበር ታውቃለች፤ ግን ያን ያህል መስሎ አልታያትም ነበር።

ዱዌን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የዓሣ ማጥመጃውን መዘውር ፈታትቶ ዘይት ይቀባል።

«ዱዌን፣ የቱናውን ቀለበት ትወደዋለህ?» አለችው።

ቀና ሳይል «ለምን ጠየቅሽኝ?» አላት።

«መልስልኝ።»

«ወይራውን እወደዋለሁ።»

«ስለ ወይራው አልጠየቅሁህም።»

«ወይራው እኮ እዚያው ውስጥ ነው ያለው» አለ ዱዌን፣ ወጥመድ እንደሸተተው ሰው ቀስ ብሎ።

«አርባ አራት ዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ ስታነሳ የኖርከውስ?»

ዱዌን መዘውሩን አስቀመጠው። «እናትሽ ታየኝ ነበራ» አለ። «እሷ ከሞተች በኋላ ደግሞ አንቺ ታዪኝ ጀመር።»

አርሊስ ከዚህ በላይ አልጠየቀችውም። ዱሉት ከተማ ለሚኖረው ለወንድሟ ለቨርሊን ደወለች። ቨርሊን ስለ ሳር ማጨጃው ሊያወራ ሲጀምር አቋርጣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው። ቨርሊን የሳር ማጨጃውን ነገር ተወው። ከዚያ፣ በልጅነታቸው የነበረው ውሻ ለምን እንደዚያ ወፍሮ እንደሞተ አስባበት ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። እሱ ውሻው ከሞተበት ቀን ጀምሮ እንደ ኪኒን ሳያኝክ እየዋጠ ነው የኖረው። ታዲያ ለምን አልተናገርክም ብትለው፣ እናታችን የምትወደውን ነገር እንዴት አድርጌ አለ።

ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ቁጭ አለች። እሷስ ትወደዋለች? ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ጠየቀች። የአባቷን ስም ወይም የፊቷን ቅርጽ ትወጃለሽ እንደተባለች ያህል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አርሊስ ሁለት ጣሳ ቱና ከፈተች። ወይዘሮ አይዴላን ልትጠይቅ ወሰነች። ለጠብ አልነበረም፤ ለጠብም ቢሆን በዚያ አገር ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፣ ምግብ ሠርቶ ነው የሚሄደው። ጄላቲኑን በመጽሐፉ ልክ አሟሟች፤ ሰናፍጩን ግን እጥፍ አደረገችው። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቀለበቱን በፕላስቲክ ሸፍና፣ ቢጫውን መጽሐፍ በብብቷ ይዛ፣ አረጋውያን ቤቱ ደረሰች። መኪናው ውስጥ ንግግሯን አሰናድታለች። ስልሳ ዓመት የሚል ቃል ነበረበት። አመኔታ የሚልም ነበረበት።

ወይዘሮ አይዴላ የጋራ ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው አንሶ አንሶ የልጅ ያህል ሆኗል፤ ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው የሰው ኪስ ውስጥ ያለውን የሚያይ ዓይን ነው። አርሊስ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፕላስቲኩን ገለጠች። ቀለበቱ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ረጋ።

ወይዘሮ አይዴላ አዩት። 

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ይህን ምን በድዬሽ አመጣሽብኝ?»

አርሊስ መጽሐፉን ከቀለበቱ አጠገብ አኖረችው። ወይዘሮ አይዴላ ቢጫውን ሽፋን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ኮሪን የሚል ስም ከከንፈራቸው ወጣ፤ ከስሙ በኋላ ደግሞ ስለ ልጃቸው ማንበብ አለመውደድ አንድ ነገር አጉረመረሙ። አርሊስ ንግግሯን ለመጀመር ጉሮሮዋን ጠረገች። ስልሳ ዓመቱም አመኔታውም የት እንደገባ ጠፋት። ከአፏ የወጣው ሌላ ነበር።

«ሂዱልን ብትሉን እኮ እንሄድ ነበር» አለች።

«ለጎረቤት ሂዱ ይባላል?» አሉ ወይዘሮ አይዴላ፤ ጆሯቸው ብልግና የሰማ ይመስል ነበር። ከዚያም አርሊስ እንድትቀመጥ ወንበር አሳይተው ነገሩን ከሥር ጀመሩላት። ኤልመር የወተት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሳል። ክሊፎርድ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለያዘው አንድ ዓሣ ያወራል። ያ ዓሣ በየካቲት እንደ ክንድ ነበር፤ በመጋቢት እንደ ጠረጴዛ ሆነ። ዓሣው አድጎ እስኪያልቅ ድረስ መጠበቅ እንደማይቻል ስለገባቸው፣ የነበራቸውን ብቸኛ መሣሪያ አነሱ። ወጥ ቤታቸውን።

«እኛ ደግሞ ጣፈጠን» አለች አርሊስ።

«ማን ጣፈጠው?» አሉ ወይዘሮ አይዴላ።

«እናቴ ደገመች ብለው ጽፈዋል።»

«ደገመች። እናትሽ ለምን እንደደገመች ታውቂያለሽ?»



ወይዘሮ አይዴላ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ፋሲካ ላይ፣ ሁለቱ ሴቶች በቦርጊልድ ወጥ ቤት ሳህን ሲያጥቡ፣ ከወንዶቹ አንዱ ሳሎን ውስጥ ሆኖ ቀለበቱ ተርፎ እንደሆነ ጠየቀ። ቦርጊልድ እጇን አረፋው ውስጥ እንደከተተች፣ በሹክሹክታ፣ ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ አለች። አይዴላ ምነው ሲሏት ሁሉንም አፈረጠችው። ያን የመጀመሪያውን ቀን፣ መጋቢት ላይ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትጎርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ቀና ብላ ስታይ አይዴላ ትኩር ብለው እያዩዋት ነው። ኤልመርን አየችው፤ እንደ እንጨት የከሳ ሰው ነው። ምስኪን፣ ምግብ መሥራት የማትችል ሴት አለች በልቧ፤ ባሏም የከሳው ለዚህ ነው። እንዳታፍር ብላ ደገመች። ለክሊፎርድ ጠረጴዛው ሥር ምልክት ሰጠችው፤ እሱም ሳህኑን ጠረገ። ይበልጥ ልታበረታታቸው ፈልጋ አሰራሩን ጠየቀች። ከጠየቀች በኋላ ደግሞ ካልሠራችው ያዝኑብኛል ብላ ሠራችው።

«አሥራ ሰባት ዓመት» አሉ ወይዘሮ አይዴላ። «እኔ እሷን ላባርር፣ እሷ ለእኔ ስታዝን፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ነገር በላን።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲነግሯት ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለቱም ሴቶች ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ ፎጣ አፋቸው ውስጥ ከተው፣ ወንዶቹ እንዳይሰሙ ስቀዋል። ኤልመር መጥቶ ምን ሆናችሁ ሲል፣ ሽንኩርት ነው ብለውታል።

አርሊስ ገና አልሳቀችም። «ታዲያ ካወቃችሁ በኋላ ለምን አልተዋችሁትም?» አለች። «እናቴ እስከሞተችበት ዓመት ድረስ ስትሠራው ነበር እኮ።»

ወይዘሮ አይዴላ ቅር ባለው ዓይን አዩዋት። «መጽሐፉን አምጥተሽ ገጹን ሳትገልጪ ነው ልትከሽኝ የመጣሽው?»

አርሊስ ሁለት መቶ አሥራ አንድን አውጥታ ገለጠች። ከጀርባው፣ የሩዝ ቀለበት በነበረበት ገጽ ላይ፣ ነጭ የደብተር ወረቀት በሙጫ ተለጥፏል። ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል። ግማሹ የአይዴላ ደቃቅ ጽሑፍ ነው። ግማሹ ትልልቅ፣ ነፋስ እንደገፋው አጥር ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ይህን ጽሑፍ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ አላየችውም፤ ግን የምሳ ዕቃዋ ላይ ተለጥፎ ያደገችበት ነው። በእናቷ ማስታወሻ ሁሉ መጨረሻ «ቦ» የምትል አንድ ፊደል አለች።

«1976። አዲሱ ፓስተር። ሁለት ጊዜ አነሱ። የሴሚናሪ ትምህርት ቤት ዘመኔን አስታወሰኝ አሉ። ሴሚናሪ ምን ያበሏቸዋል? ቦ

«1979። የመድን ሻጩ። ሦስተኛውን ቁራሽ የአበባ ማሰሮዬ ውስጥ ቀበረው። አበባው እስከ ሐሙስ አልቆየም። ቦ

«1983። የክሊፎርድ እህት ከሲያትል። በዓለም ላይ እንደዚህ ያለ አልበላሁም አለች። እውነቷን ነው። ቦ»

አርሊስ ከላይ ወደ ታች ስታነብ እናቷን የማታውቃት ሆነችባት። ቦርጊልድ ሩድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲስቁ የሚገሥጽ ዓይን የነበራት፣ በልደት ቀን እንኳ ጥርሷን የማታሳይ ሴት ነበረች። እንደዚህ የምትጽፈው ሴት ማን ናት? የት ተደብቃ ኖረች? ከወረቀቱ አናት አጠገብ የነበረውን፣ ዘልላው ያለፈችውን መሥመር ተመልሳ ያየችው ያኔ ነው።

«ጁላይ 1974። ዱዌን፣ አርሊስ አርሊስ የሚለው ልጅ። ሁለት ሳህን በላ፣ ግንባሩን አልቦት፣ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ይህኛው ይሆናታል። ቦ»

ከሥሩ በደቃቁ ጽሑፍ፣ «እስማማለሁ። አይዴላ» ተብሎበታል።

ያን ጊዜ ነው አርሊስ የሳቀችው። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ በኋላ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ እስክትደፋ ድረስ ሆነ። ወይዘሮ አይዴላም ሳቁ። ነርሷ በበሩ ብቅ ብላ ደህና ናችሁ አለቻቸው፤ ሁለቱም እየሳቁ በእጃቸው ደህና ነን አሏት። በመሃል ሳቁ ለአርሊስ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባት፤ ወይዘሮ አይዴላ ይህን አይተው እጃቸውን እጇ ላይ አኖሩ።

ቀለበቱ ግን እዚያው ነበር። በምግብ ነገር ብክነት አይወዱም፤ ሁለቱም ማንኪያ አንስተው ቀመሱት። ወይዘሮ አይዴላ ሰናፍጩን አወቁባት፤ አንቺ ደግሞ የእኔን ተንኮል መውረስሽ ነው አሏት። አርሊስ በአፏ ይዛ ቆየች። ዓይኗን ጨፍና አጣጣመች። አሁን መውደዷን የሚጠብቅ ማንም የለም፤ ማንም አይታዘባትም።

«እኔ እወደዋለሁ መሰለኝ» አለች በመጨረሻ፣ ራሷም ተገርማ።

ወይዘሮ አይዴላ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ» አሏት፣ ለበሽተኛ በሚነገር ድምፅ፣ «በልጅነትሽ ነው የጎዳሁሽ።»

በዚያ ዓመት ፋሲካ አርሊስ የአሳማ ታፋና ድንች ብቻ አቀረበች። ስለ ቀለበቱ ማንም አልጠየቀም። ዱዌን ከጓዳ አንድ ብልቃጥ የወይራ ፍሬ አምጥቶ ከፈተና ለብቻው በላ። ከሐሙሱ ጉብኝት በተመለሰች ቀን ስለ እሱ የተጻፈውን መሥመር አንብባለት ነበር። ሁለት ጊዜ እንድትደግምለት ካደረገ በኋላ፣ ፈተና መሆኑን ባውቅ ኖሮ ሦስተኛ እበላ ነበር አላት፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ ጋራዡ ሄደ፤ ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም። አርሊስ ለራሷ በትንሽ ሳህን ላይ አንድ ትንሽ ቀለበት ሠርታ ፍሪጁ ጀርባ አስቀምጣ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲሄድ ቆማ በላችው።

ሐሙስ ግን ሐሙስ ሆኖ ቀረ። በየሳምንቱ ከምድር ቤቱ አንድ መጽሐፍ አንስታ ወደ ወይዘሮ አይዴላ ትሄዳለች፤ ቁጭ ብላ ጮክ እያለች ታነብላቸዋለች። ወይዘሮ አይዴላ የሚሰሙት ለመከራከር ነው። ያን ያህል ቅቤ ማን ይጨምራል ይላሉ፤ የዚህ መጽሐፍ ጸሐፊ ምድጃ አይታ አታውቅም ይላሉ። ስለ ጉበት ጥቅል የተነሳው ክርክር ሁለት ሳምንት ፈጀ። በግንቦት መጨረሻ ሌሎች ሦስት ሴቶች ወንበራቸውን አስጠጉ፤ እነሱም የራሳቸውን መጨመር ጀመሩ፤ አንደኛዋ ባለቤቷን ያጨችው ሥጋ በተሞላ ቃሪያ እንደሆነ ተናገረች።

ኦርቪል የሚባል ሰውም ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ የካልደር ሌክን ራስ ሲላጭ የኖረ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አሁን ዓይኑ አያይም። ግድግዳው ሥር ይቀመጣል እንጂ አይጠጋም ነበር። አንድ ሐሙስ፣ አርሊስ የበዓል ምግቦችን ምዕራፍ አንብባ ጨርሳ መጽሐፉን ልትዘጋ ስትል፣ ሥዕል አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። አለው አለችው። እንዴት ያለ ሥዕል ነው አላት።

 አርሊስ መጽሐፉን እንደገና ገለጠች። የአሳማ ታፋ ነው አለችው፤ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በትልቅ ነጭ ሳህን ላይ። ሳህኑ ጠርዙ ወርቅ ነው። የጠረጴዛው ልብስ ሰማያዊ ነው፤ ከኋላ መስኮት አለ፤ በመስኮቱ በረዶ ይታያል። የአንዲት ሴት እጅ ብቻ ከዳር ገብቷል፤ ሹካ ይዟል፤ ጥፍሩ ቀይ ነው። ታፋው ላይ ከላይ እስከ ታች ክብ ክብ አናናስ ተደርድሯል።

ኦርቪል ወንበሩን በእግሩ እየገፋ ትንሽ ቀረበ።

«አናናሶቹ መሃል ቼሪ አለበት?» አለ።

አርሊስ ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ ዞር አደረገችው፤ በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች።

«አለበት» አለችው። «በሁሉም ላይ አለበት።»